የሎሬታ ልጅ ትከሻ በክቡር ቨርን ሚዛን

ኦሃዮ ውስጥ በየመንገዱ፣ ስልክ ቢደወልለት ኖሮ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችንን ከውርደት ያድን የነበረ አንድ ሰው አለ። ስልኩ ግን አይደወልም። ቡድናችን በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ከኮሌጅ አንድ ኳርተርባክ፣ ኳሷን የሚወረውር መሪ ተጫዋች፣ ይመርጣል፤ ታኅሣሥ ሲደርስ ያንኑ ልጅ እንረግማለን፤ ያ ሰው ደግሞ በረንዳው ላይ ቆሞ «ብዬ ነበር» ይላል።

የእኛ መንገድ ሰው ክቡር ቨርን ስላድኪ ናቸው። ክብሩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ለራሳቸው ያላቸውን ግምት ስለማውቅ የሚበዛባቸው አይመስለኝም። ጡረታ እስኪወጡ ሥራቸው ቤት መመርመር ነበር። ሰው ቤት ሊገዛ ሲል የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ምድር ቤት ይወርዳሉ፣ ግድግዳ ያንኳኳሉ፣ እርጥበት ያሸታሉ፣ ከዚያ ወጥተው የገዢውን ደስታ ያጠፋሉ። ጡረታ ሲወጡ ባትሪውን አስቀመጡ እንጂ አመላቸውን አላስቀመጡም። አሁን የሚያንኳኩት የሃያ ሁለት ዓመት ወጣቶችን ነው።

«ፎቁ ያምራል» ይላሉ፣ ቴሌቪዥን ላይ አንዱ ልጅ ኳሷን ስልሳ ያርድ ሲወረውራት። «ምድር ቤቱን ያየ አለ?»

ለእያንዳንዱ ልጅ ሰማያዊ ማኅደር አላቸው። ጉልበቱ ስንቴ እንደተጎዳ፣ ስንት አሠልጣኝ እንደቀያየረ፣ ሲሸነፍ ፊቱ ምን እንደሚመስል፣ ሁሉም ተጽፏል። ከሁሉ በላይ ግን መዳፍ ነው። ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ዘጠኝ ኢንች ያልሞላ እጅ፣ ከከተማችን ሐይቅ በሚነፍሰው ንፋስ ኳስ አይዝም ባይ ናቸው። ስለዚህ እጃቸውን የጨበጠ ሁሉ ይለካል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰላም ስንባባል የቄሱን እጅ ይዘው ቆዩና፣ «አባ፣ ስምንት ተኩል ነዎት። እግዚአብሔር ሌላ ሥራ የሰጠዎት ያለ ምክንያት አይደለም» አሏቸው።

እውነቱን ለመናገር ሦስቴ ልክ ነበሩ፤ ሦስቱንም በየወሩ እንሰማለን። ያልተሳካላቸውን ግን የሚያነሣባቸው የለም። አንድ ጊዜ «በረንዳው ሊደረመስ ነው» ያሉት ልጅ ለሌላ ከተማ ሁለት ዋንጫ አነሣ። ስጠይቃቸው፣ «መደርመሱ አይቀርም፣ ጊዜው ገና ነው» አሉኝ።

ይህን ሁሉ ስንስቅበት ኖረናል። ዘንድሮ ግን ማኅደር የተከፈተው ለጎረቤታችን ለሎሬታ ዊትሎ ልጅ ሆነ። ሎሬታ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ገና ሳይነጋ ነው ከቤት የምትወጣው። ቴረልን ብቻዋን አሳድጋ ኮሌጅ አስገብታለች፤ እዚያም ኳርተርባክ ሆነ። ባለፈው መስከረም ልጁ የሚወረውርበት ቀኝ ትከሻው ተቀደደ፤ ተሰፋና ለማገገም እናቱ ቤት ተመለሰ። በተሰፋ ትከሻ ላይ ደፍሮ የሚወራረድ ቡድን መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር። የሚያዝያው ምርጫ ሰባት ዙር አለው፤ የተሻለ የተባለው ልጅ ቀድሞ ይጠራል። ሰባቱ ዙር ሳይጠሩት ካለፉ ደግሞ የልጅነት ሕልሙ እዚያው ያበቃል።

በጾሙ አንድ ዓርብ፣ ሥጋ ስለማይበላ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ የዓሣ ጥብስ ቀርቦ ሳለ ሎሬታ ራሷ ጠየቀቻቸው።

«ቨርን፣ ልጄን የት አደረግኸው?»

«ስድስተኛ ዙር።»

«ዳይፐሩን የቀየርክለትን ልጅ?»

«ዳይፐሩና ትከሻው አይገናኙም፣ ሎሬታ።»

«ዓሣህን ብላ፣ ቨርን» አለች። ከዚያ ወዲያ አላናገረቻቸውም። እኔም ተቀየምኳቸው። አንድ ጊዜ ቢዋሹ ምን ነበረበት?

ከምርጫው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የአንድ ሩቅ ቡድን መልማይ መጣ። እነዚህ ሰዎች ልጅ ከመውሰዳቸው በፊት ሰፈሩ ድረስ መጥተው ጎረቤቱን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ የትምህርት ቤቱን ጽዳት ሠራተኛ ሳይቀር ይጠይቃሉ። ከክቡር ቨርን ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ደረጃውን ወጣ።

«ስለ ቴረል ዊትሎ የሚነግሩኝ ይኖር ይሆን?»

አርባ ዓመት የጠበቁት ጥያቄ ነው። ማኅደሩን አመጡ፤ አርባ አንድ ገጽ። ማዶ ሎሬታ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ቆማለች። እኔ በልቤ «ዛሬ እንኳ ዝም ይበሉ» እያልኩ እለምናለሁ።

ዝም አላሉም። ተከላካዮች ሲያጣድፉት የኋላ እግሩ ላይ ተደግፎ እንደሚወረውር ተናገሩ፣ መዳፉ ዘጠኝ ኢንች ከሩብ መሆኑን ተናገሩ፣ ከዚያ ወደ ትከሻው ገቡ።

«ጥር ላይ አሥር ያርድ፣ የካቲት ላይ ሃያ አምስት፣ አሁን ሃምሳ ሁለት። በጠቅላላው ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ አራት ውርወራ። ሰባ ሁለቱ ተበላሽተዋል። አብዛኞቹ ማክሰኞ ማክሰኞ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። የቀረበት ቀን የለም።»

መልማዩ መጻፉን አቆመ። «ማን ቆጠረው?»

«ኳሱን የያዘው ሰው።»

«እሱስ ማን ነው?»

ክቡር ቨርን እጃቸውን ዘረጉ። ሁለት ጣታቸው በፕላስተር ተጣብቋል፤ አንዱ ጥፍር ጠቁሯል። ለካ የብርዱን ወራት በሙሉ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በረዶ ላይ ቆመው ሲይዙለት የከረሙት እሳቸው ናቸው! ለማንም እንዳይናገር ቴረልን አስምለውታል።

መልማዩ ሲሄድ፣ «ምን ያስደብቃል?» አልኳቸው።

«መርማሪ ከሻጭ ጋር አይታይም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቁ ስድስተኛ ዙር?»

«ስለምወደው ነዋ! የወደድኩትን ቤት ሁለት ጊዜ ነው የምመረምረው።»

ነገሩን ሄጄ ለሎሬታ ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «ለምርጫው የመጨረሻ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ይምጣ በለው» አለች። መልእክቷን ሳደርስ ክቡር ቨርን ሰዓታቸውን አዩ። «ስድስተኛው ዙር ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት አይደርስም። ዘጠኝ ተኩል ላይ እመጣለሁ፤ እስከዚያ የሣር ማጨጃዬን አጸዳለሁ።»

ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ትንሽ እንዳለፈ፣ የሎሬታ ሳሎን በሰው ተጨናንቆ ሳለ የቴረል ስልክ ጮኸ። አራተኛ ዙር ላይ ነበር፤ የወሰደው የባለ ግራጫ ጃኬቱ ቡድን ነው። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፣ ሎሬታ ልጇ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ቴረል ግን በሰው ራስ ላይ እያማተረ፣ «ሚስተር ቨርን የታሉ?» አለ። መልስ አልጠበቀም፤ በካልሲው መንገዱን ተሻገረ። ተከተልኩት።

ጋራዣቸው ውስጥ ተንበርክከው ማጨጃውን ዘይት ይቀባሉ።

«ሚስተር ቨርን፣ ተሳስተዋል።»

«ምኑ ላይ?»

«ሁለት ዙር።»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ። «አራተኛ?»

«አራተኛ።»

«ቸኩለዋል» ሊሉ ጀመሩ፤ ሳይጨርሱት አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም፣ እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ።

ከዚያ ዘይት በነካው እጃቸው ልጁን ይዘው ወጡ። በሠላሳ ዓመት ጉርብትና አንድ ቀን ከአፋቸው ያልወጣችውን ቃል መንገዱን ሙሉ አዳረሷት። ፖስተኛውን አስቆሙት፦ «ተሳስቻለሁ! በሁለት ዙር!» ውሻ ይዛ የምታልፈውን የማያውቋትን ሴት ሳይቀር፦ «እመቤቴ፣ ተሳስቻለሁ!»

ሎሬታ በረንዳዋ ላይ እጇን አጣጥፋ ጠበቀቻቸው።

«ሎሬታ፣ ተሳስቻለሁ።»

«እስቲ ድገመው፣ ቨርን።»

ደገሙላት።