ንግሥቱን የሚጋብዘው ጎሚስታ

ቼዝ በሚጫወቱበት ከተማ ሁሉ ሰባት እርምጃ ብቻ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ስምንተኛው እርምጃ ለእሱ ሰው ያልረገጠው አገር ነው። በሰባቱ ግን ሐኪም ይረታል፣ መሐንዲስ ያዋርዳል፣ ጡረታ የወጣ ኮሎኔል ያስኮርፋል። አዳማ ላይ የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ክቡር ወክቡራን ኦቦ ዱጋሳ ነበሩ፤ በሥራቸው ጎሚስታ።

ሰሌዳቸው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሁለት ያረጁ የአይሱዙ ጎማዎች ላይ ትቀመጣለች። ከጥቁሮቹ ወታደሮች አንዱ ከጠፋ ቆይቷል፤ በቦታው የጠርሙስ ቆርኪ በታማኝነት ያገለግላል። ጎማው የተነፈሰበት ደንበኛ ማስቲሹ እስኪደርቅ ምን ይሠራል? ይቀመጣል። ነጩ ሁልጊዜ የኦቦ ዱጋሳ ነው። በአምስተኛው እርምጃ ፈረሳቸውን ያዘልሉና ንግሥታቸውን ያለ ጠባቂ ይተዋሉ።

"ብላት።"

"ንግሥትዎን?" አለ አንድ ቀን የሽንኩርት ነጋዴው አብዱልሃኪም።

"ምን ያስፈራሃል? ብላት።"

"ኧረ በቃኝ፣ ኦቦ።"

"በሞቴ!"

በሞቴ ከተባለ በኋላ ማን እጁን ይሰበስባል? አብዱልሃኪም ንግሥቲቱን አነሣ። ከሁለት እርምጃ በኋላ ንጉሡ መሐል ሜዳ ላይ መሄጃ አጣ። "እንግዳዬ ጠገበ" አሉ ኦቦ ዱጋሳ ወደ ጎማው እየተነሡ።

ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የምታስተምረው ሱሃይላ ሩብ ሰዓት ሙሉ አሰበች። "የነፃ ነገር አልወድም" አለች።

"የኔ ልጅ፣ እኔ ቤት መጥተሽ ባዶ አፍሽን ልትሄጂ?"

በላች። ንጉሧ ሲያዝ "ይሄ እኮ ወጥመድ ነው!" ብላ ጮኸች።

"ግብዣ ነው" አሉ።

ምናልባት አንዱ ሳይበላ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ከደረሰ፣ ኦቦ ዱጋሳ በድንገት ያልነፉት ጎማ ትዝ ይላቸዋል። ጨዋታው እዚያው ይቀራል።

የጂኦግራፊ መምህሩ ኪዳነወልድ መኪናም ባጃጅም አልነበረውም፤ ብስክሌት እንኳን። ቢሆንም ለአራት ዓመት ከትምህርት ቤት ሲወጣ እዚያ ጎማ ላይ ይቀመጥ ነበር። ያው ንግሥት፣ ያው በሞቴ፣ ያው ሽንፈት። ንግሥቲቱ መርዝ መሆኗን ያውቃል፤ ምን እንደሚሻል ግን አያውቅም። አንድ ቀን ልጁ ሊዲ በስልኳ ቪዲዮ አሳየችው።

"አባዬ፣ አንዱን ፈረስህን ቀድመህ አውጣ። ንግሥቷን ሲሰጡህ ተዋትና በሱ ፈረሳቸውን ብላ። ይኸው ነው።"

አራት ዓመት ለዚህ! በማግስቱ ሄዶ ጎማው ላይ ቢያሳያቸው ኖሮ ሳቅ ሆኖ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ሰው በተሰበሰበበት ሊያደርገው ደበቀው።

ኅዳር ላይ የአዳማ ውድድር በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ አራት ተጫዋቾች ከነትዳር ጓደኞቻቸው ላንጋኖ ሄደው ከሌሎቹ ከተሞች ጋር ይጋጠማሉ። ኦቦ ዱጋሳ ለሁሉም ነግረዋል፦ "ዘንድሮ ቡዜን ላንጋኖ አወርዳታለሁ።" ከአዳማ ላንጋኖ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳን አይሞላም፤ ባለቤታቸው አዴ ቡዜ ግን ሠላሳ ዓመት "በሚቀጥለው ሳምንት" እየተባሉ ሐይቁን አይተውት አያውቁም።

ወጥመዱ ያን ሰሞን እንደ ጉድ ያዘላቸው። ከአራቱ አንዱ ለመሆን በመጨረሻው ዙር አንድ ድል ብቻ ቀራቸው። የደረሳቸው ኪዳነወልድ ነው፤ እስከዚያ ዙሮቹን በሙሉ ተሸንፎ፣ የሚያገኘውም የሚያጣውም የሌለው። ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

አምስተኛው እርምጃ ላይ ንግሥቲቱን ተዉለት። አዳራሽ ውስጥ መናገር ስለተከለከለ በሞቴ ማለት አልቻሉም፤ በዓይናቸው ብቻ ጋበዙት። ኪዳነወልድ ዙሪያውን አየ። አብዱልሃኪም ቆሟል፣ ሱሃይላ ቆማለች፣ ሌላም ሰው ከቧቸዋል። ላንጋኖ ትዝ አለው። ቢሆንም ፈረሳቸውን በላ።

ኦቦ ዱጋሳ ሰሌዳውን እንደማያውቁት ሰው አዩት። የሚነሡበት ጎማ አልነበረም። እስከ ሠላሳኛው እርምጃ ታገሉና እጃቸውን ዘረጉ። "ጎበዝ! ማን አሳየህ?"

ኪዳነወልድ ተነሣ። ሰው እያጨበጨበለት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱን ለወጠ፤ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ተወ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ አምስት። ሚያዝያ ላይ ኦቦ ዱጋሳ ለሦስት ቀን ታመው ማረፋቸውን የነገረው አብዱልሃኪም ነው።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ አዴ ቡዜ ቤት ሄዶ አንገቱን እንደደፋ ተቀመጠ። "አዴ፣ እርስዎን ላንጋኖ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ከፈቀዱ እኔና ሊዲ እንውሰድዎት።"

"ሄድን እኮ!" አሉ አዴ ቡዜ። "ውድድሩ ባለቀ በሳምንቱ በሚኒባስ ወሰደኝ። 'ቡድን ምን ያደርግልኛል' ብሎ።"

"ሐይቁን ወደዱት?"

"እኔስ ወደድኩት። እሱ ውሃውን መቼ አየው! ጠጠር ለቅሞ አሸዋው ላይ ያንን ጨዋታ ሲደረድር ዋለ። 'መምህሩ ፈረሴን ከበላኝ በኋላ ምን ባደርግ ይሻለኝ ነበር?' ይለኛል። እኔ ምን አውቄ! ሁለቴ ትምህርት ቤትህ በር ድረስ መጣ። ስታየው በሌላው በር ወጣህ አሉ።"

ኪዳነወልድ ይቅርታ ሊጠይቅ ተነሣ።

"አልተቀየመህም። 'አፍሮ ነው፤ ሲለቀው ይመጣል' አለ። ሰሌዳውን ሰው እንዳይነካበት ጋቢውን አልብሶ አስቀምጦታል፤ ፈረሱ እንደተበላ፣ ያው እንደነበረ። አንተ ታውቀዋለህ አይደል ቀጥሎ የሚደረገውን?"

ኪዳነወልድ አያውቅም ነበር። ሊዲ ያሳየችው ቪዲዮ ፈረሱ ሲበላ ያበቃል። አምስት ወር ነበራቸው፤ አብረው ቢቀመጡ ይደርሱበት ነበር።