ትል የማይደፍረው ሆድ

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየዕድሩ አንድ ታሞ የማያውቅ ሰው አይጠፋም። አለመታመሙ ባልከፋ፤ ክፋቱ ይህን ለሰው ሳይናገር ውሎ አለማደሩ ነው። እርስዎ በጉንፋን አፍንጫዎን ሲጠርጉ እሱ አጠገብዎ ቆሞ ደረቱን ይነፋል። "እኔ እኮ መርፌ ምን እንደሚመስል አላውቅም" ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ቢያስነጥሱ እንኳ "ይማርዎ" ከማለቱ በፊት እሱ ለመጨረሻ ጊዜ ያስነጠሰበትን ዓመተ ምሕረት ይነግርዎታል።

ጭድ ተራ አጠገብ ባለው የእትዬ በለጥሻቸው ሥጋ ቤት ይህን ሹመት የያዘው ክቡር ኃይለልዑል ነበር። "ክቡር" የሚለውን የሰጠው አብሮት ሥጋ የሚቆርጠው አሸብር ነው፤ የሰጠውም በልቡ፣ ጥርሱን ነክሶ።

አሸብር ይቀና ነበር። ነገሩን ማለዘብ አያስፈልግም፤ በቅናት አንጀቱ ያርር ነበር። እንዴት አይቀና? ሁለቱ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ከአንድ በሬ፣ በአንድ ትሪ፣ በአንድ አዋዜ ጥሬ ሥጋ በልተዋል። በማግስቱ ሆዱን ይዞ የሚንከባለለው ግን ሁልጊዜ አሸብር ነው። ኮሶ ይጠጣል፤ ኮሶው አልሆን ሲለው ኪኒን ይውጣል። መሳለሚያ ያለችው የመድኃኒት ቤት ሴትዮ ገና በሩ ላይ ስታየው እጇን ወደ ትል መድኃኒቱ ትሰዳለች። ኃይለልዑል በዚያው ቀን ሌላ ሩብ ኪሎ ጮማ ያስጨምራል።

ኮሶ የጠጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ይውላል፤ አይጠራም፣ የት ሄደም አይባልም፣ የቆየ ወግ ነው። ክቡርነታቸው ግን ወግ አያውቁም። ደንበኛ "አሹ የታለ?" ያለ እንደሆነ ኃይለልዑል ካራውን ከፍ ያደርግና አውቶቡስ ተራ ድረስ በሚሰማ ድምፅ "ኮሶ ላይ ነው! ሆዱ በር የለውማ!" ይላል። ከዚያ የራሱን ሆድ በመዳፉ ቸብ ቸብ እያደረገ "ይሄን ትል አይደፍረውም! ከእናቴ ማህፀን ዘበኛ አቁሞ ነው የወጣው!" ይላል። ደንበኛው ይስቃል፤ ግማሽ ኪሎ ሊገዛ የመጣው አንድ ኪሎ ይዞ ይሄዳል። አንድ ክረምት ሥጋ ቤቱ በሙሉ በተቅማጥ ሲያልቅ እሱ ብቻውን ለሦስት ቀን ቆርጦ፣ መዝኖ፣ ወለል አጥቦ፣ ማታ ማታ ደግሞ የታመሙትን እየዞረ ጠየቀ። ሊጠይቅ ነው የሄደው ይባል እንጂ ጤናውን ሊያሳይ ነበር።

ታዲያ ዘንድሮ የቤቱ አንጋፋ ሥጋ ቆራጭ ጋሽ ገብረ ማርያም ዓይናቸው ደከመና ካራቸውን ሰቀሉ። እሳቸው ይቆሙበት የነበረው በመስታወቱ በኩል ያለው የፊተኛው መቁረጫ ነው። እዚያ የቆመ ሰው መንገደኛው ሁሉ በስሙ ሰላም ይለዋል፤ ሻኛውን የሚያወጣው፣ ለሠርግ የሚጠራው እሱ ነው። አሸብር ስምንት ዓመት ያን ቦታ በዓይኑ ሲበላው ኖሯል።

እትዬ በለጥሻቸው ሁለቱንም ጠሩ።

"የጤና ወረቀታችሁ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ሂዱና ተመርመሩ። ንጹህ ወረቀት ያመጣ ፊት ይቆማል፤ ሁለታችሁም ካመጣችሁ ያኔ አስብበታለሁ።"

ኃይለልዑል ሳቀ። አሸብር ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሥጋ ቤቱ ጭር ይላል፤ ያን ቀን ናሙናቸውን መሳለሚያ ላለው ላቦራቶሪ ሰጡ። ሐሙስ ውጤት ለመቀበል የሄደው አሸብር ብቻ ነው። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ሐመልማል "የሰው ውጤት ለሰው አልሰጥም" ብትለው ኃይለልዑል በስልክ "ስጪው! ለመርካቶ ሁሉ ያንብበው!" ብሎ ጮኸባት። ሰጠችው።

አሸብር ሁለቱን ወረቀቶች አየ። ደግሞ አየ።

"ሐመልማል፣ ስም ተቀያይሮብሻል።"

"አልተቀያየረም።"

"እኔ ንጹህ፣ እሱ የኮሶ ትል? ኧረ በማርያም! ሆዱን የሚያመው እኮ እኔን ነው!"

ሐመልማል ወንበር ሳበችለት። "ስማኝ አሹ። አንጀትህ ግድግዳ ላይ ጥበቃ የሚያድሩ ሴሎች አሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ስትወለድ ይዘሃቸው የመጣህ ናቸው። ትል ሲገባ ቀድመው ያውቁና ለሌሎቹ ምልክት ይሰጣሉ። መርካቶ ውስጥ 'ሌባ!' ሲባል ምን ይሆናል?"

"ያልተሰረቀውም ዱላ ይዞ ይወጣል።"

"አንጀትህም እንደዚያ ነው። ትሉ መያዣ እንዲያጣ አንዱ ዝልግልግ ነገር ያፈስበታል፤ ጡንቻው ደግሞ እየተኮማተረ ወደ ታች ይጠርገዋል። ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎችም አሉ። ባክቴሪያ ቢሆን ሌሎቹ ይውጡት ነበር፤ ትልን ማን ይውጠዋል? ስለዚህ ይከቡትና የሚጎዳ ነገር ይረጩበታል። አንተን ከሚያምህ ብዙው የዚህ ግርግር ነው።"

አሸብር ሆዱን በአክብሮት ዳሰሰ። "እሱስ? ዘበኛ የለውም?"

"አለው እንጂ። ግን ትልም ሞኝ አይደለም፤ ቶሎ ያልተባረረ እንደሆነ ዘበኞቹን የሚያበርድ ነገር እየለቀቀ አብሯቸው ይኖራል። ሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት ነው አልልህም። አላመመውም ማለት ግን የለበትም ማለት አይደለም።"

አሸብር ከመሳለሚያ እስከ ጭድ ተራ መሬት የረገጠ አይመስለውም ነበር። እንዴት ብሎ እንደሚያነበው መንገዱን ሙሉ ተለማመደ። ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ "የኮሶ ትል" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ሥጋ ቤቱ ጢም ብሎ ጠበቀው። ኃይለልዑል ነጭ ካፖርቱን አስተኩሶ ለብሷል፤ ከጎረቤት ሥጋ ቤት ሳይቀር ሰው ጠርቷል። "አንብበው አሹ! ድምፅህን ከፍ አድርገህ!" አለና ሆዱን ቸብ አደረገ።

አሸብር ወረቀቱን ዘረጋ። ቀና ብሎ የሰውዬውን ፊት አየ፤ ልደቱ እንደሚከበርለት ልጅ ያለ ፊት ነበር። ድንገት አንጀቱን በላው። አንጀቱን መብላቱ ራሱ አናደደው።

"ናሙናው አልበቃም ብላለች" አለ። "የሱ ይደገማል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱ ጓዳ ሲገቡ ወረቀቱን ለኃይለልዑል ሰጠው። እሱም ሦስት ጊዜ አንብቦ ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ።

"ዘበኞቼስ?"

"ተኝተዋል።"

"አሹዬ፣ በናትህ ለሰው እንዳትናገር።"

መድኃኒቱን ማን ይግዛ? የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ አሸብርን ስታይ "ዛሬም?" አለች፤ ተራ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየው። "ዛሬም" አለ አሸብር፣ ስሙ ለተራ ጠባቂው እንዳይታይ ወረቀቱን አጥፎ እየሰጣት። ኃይለልዑል ኪኒኑን ውጦ የቀረ ቀን ደንበኛ የት ሄደ ሲል፣ አሸብር ካራውን ከፍ አድርጎ አፉን ከፈተና "ለቅሶ ሄዷል" አለ።

የኃይለልዑል ምርመራ እስኪደገም ፊት የቆመው ንጹህ ወረቀት ያመጣው አሸብር ነው። ስምንት ዓመት የተመኘውን መስታወት አገኘው። መንገደኛው በስሙ ሰላም አለው፤ ሻኛውን አወጣ። ኃይለልዑል ግን ከኋላ አጥንት እየለየ ትንፍሽ አይልም። ሥጋ ሲቀርብለት "ይጠበስልኝ" ይላል። ደንበኛው ግማሽ ኪሎውን ገዝቶ ዝም ብሎ ይወጣል። በሦስተኛው ሳምንት አሸብር ጉንፋን ያዘውና ሆን ብሎ ኃይለልዑል ጆሮ ሥር አስነጠሰ። ሰውዬው "ይማርህ" ብሎ ዝም አለ። ያን ጊዜ አሸብር ደነገጠ፤ ማታ እንኳ እንጀራ አልበላለት አለ።

ሁለተኛው ውጤት ንጹህ ሆኖ ወጣ። እትዬ በለጥሻቸው መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ወደ አሸብር ዞሩ። "እንግዲህ የሁለታችሁም ንጹህ ነው። እኔ እንደሆነ እጅህን ወድጄዋለሁ፤ ልቆይ ካልክ ቦታው ያንተ ነው።"

አሸብር "እቆያለሁ" ሊል ከንፈሩን ሲያላቅቅ ኃይለልዑል ጠጋ ብሎ ጆሮው ሥር አንሾካሾከ።

"ስንት ሜትር መሰለህ?"

"ምኑ?"

"የወጣው ነዋ! አራት ሜትር ከምናምን! ራሴ ነኝ የለካሁት። በእውነት ንገረኝ፣ አንተ ከዚህ የሚስተካከል አውጥተህ ታውቃለህ?"

የአሸብር ትልቁ አንዲት ስንዝር የማትሞላ ወስፋት ነበረች። ሰው በትል ይቀናል? አሸብር ቀና፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። የኃይለልዑል ደረት ደግሞ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፍቶ፣ የካፖርቱ ቁልፍ ሊበጠስ ደርሶ ነበር።

አሸብር የፊተኛውን ካራ በጨርቅ ጠረገና በእጀታው በኩል አቀበለው።

"ሂድ ቁም" አለው። "ደንበኛ እየጠበቀ ነው።"