ለስም ያህል ፕሮዲውሰር

እስቲ እዚህ ኮሪደር ላይ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ተመልከቱ። ወረቀት የሚያገላብጠው ወጣት የፊልም ዳይሬክተር ነው። አጠገቡ ካንገቱ ባጅ ጋር የሚታገለው ደግሞ ፍሪጅ በመጠገን የሚተዳደረው የእህቱ ባል ነው። ከፊታቸው ካለው በር ጀርባ የጎረቤት አገሮች ፊልም ሠሪዎች አብሯቸው የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ። የወጣቱ ፊልም ግማሹ ተቀርጾ ቆሟል፤ ዛሬ አጋር ካልተገኘ ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደተቀበረ ይቀራል። ይህ ያስፈራዋል። ሲፈራ ደግሞ አስተማሪ ይሆናል።

አማቹ፦ ይሄ ገመድ አንገቴን በላው። ላውልቀው።

ዳይሬክተሩ፦ ጋሼ፣ እባክዎ አይንኩት። ያለሱ አያስገቡም።

አማቹ፦ ምን ይላል ግን?

ዳይሬክተሩ፦ ፕሮዲውሰር።

አማቹ፦ ማነው እሱ?

ዳይሬክተሩ፦ እርስዎ ነዎት። ቅጹ ያለ ፕሮዲውሰር አልመዘግብም አለኝ፤ ለስም ያህል የእርስዎን ሞላሁ።

አማቹ፦ ሥራው ምንድነው?

ዳይሬክተሩ፦ ዝም ማለት።

አማቹ፦ እሱንማ እህትህን ካገባሁ ጀምሮ ስሠራው ኖሬያለሁ። ለመሆኑ ገበያ ነው አላልከኝም? የሚሸጠው የታለ?

ዳይሬክተሩ፦ የኮፕሮዳክሽን ገበያ ነው። «ኮ» ማለት አብሮ ማለት ነው። አንዱ አገር ድምፁን ይሠራልናል፣ ሌላው ቀለሙን፣ ሦስተኛው በአገሩ ሲኒማ ቤቶች ያሳይልናል። እንደኔ ያለ ጀማሪ አገር ላገር ቢዞር ማን በር ይከፍትለታል? እዚህ ግን ሁሉም አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበዋል።

አማቹ፦ ፍሪጅ ነው በለኛ። ሞተሩ ካንድ አገር፣ ጋዙ ካንድ አገር።

ዳይሬክተሩ፦ ፍሪጅ አይደለም ጋሼ፣ ጥበብ ነው።

አማቹ፦ አያቀዘቅዝም ማለት ነው።

ዳይሬክተሩ፦ ዝም ብለው ያዳምጡኝ፤ ፒቼን ልለማመድ። ፒች ማለት ፊልሙን በሰባት ደቂቃ መንገር ነው።

አማቹ፦ ያንን የሁለት ሰዓት ፊልም?

ዳይሬክተሩ፦ አዎ።

አማቹ፦ በሰባት ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ ምን አደከመህ?

ዳይሬክተሩ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) «ጦርነት ባፈራረሰው፣ ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ፣ ሁለት የተራቡ እህትማማቾች...»

አማቹ፦ ቆይ ቆይ። ይሄ የእናትህና የአክስትህ ታሪክ አይደለም እንዴ?

ዳይሬክተሩ፦ ነው።

አማቹ፦ የእናትህ ቤት ጣሪያ አለው። ቆርቆሮውን የመታሁት እኔ ነኝ።

ዳይሬክተሩ፦ ወረቀቱ ላይ አፈረስኩት። ጣሪያ ያለው ቤት የውጭ ተመልካች አያሳዝነውም።

አማቹ፦ የተራቡትስ? አክስትህ እኮ በበሩ የምትገባው በጎን ነው።

ዳይሬክተሩ፦ አከሳኋት። ከዚያ ከባሕር ማዶ አንድ ዶክተር ይመጣና የተኮራረፉትን እህትማማቾች ያስታርቃቸዋል።

አማቹ፦ የማን ዶክተር?

ዳይሬክተሩ፦ የፈጠርኩት። የውጭ ተመልካች ራሱን የሚመስል ሰው ካላየ ይተኛል። ይሄ የሙያ ጉዳይ ነው፣ እርስዎ አይገባዎትም።

አማቹ፦ የስፌት መኪናው መርፌስ?

ዳይሬክተሩ፦ ከታሪኩ ቆርጬ አወጣሁት። ትንሽ ነገር ናት።

(በሩ ይከፈታል። ዝርዝር የያዘች ሴት ብቅ ብላ፣ ይህ ክፍለ ጊዜ ለፕሮዲውሰሮች ብቻ መሆኑን ትናገራለች። ዳይሬክተሩ «እሳቸው እኮ ለስም ያህል ነው» ይላል። እሷ «የተጻፈው የሳቸው ስም ነው» ብላ አማቹን አስገብታ በሩን ትዘጋለች። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል፤ ከውስጥ ሳቅ ይሰማዋል። አለቀልኝ ይላል በሆዱ። አማቹ ባጁን እያስተካከለ ይወጣል።)

ዳይሬክተሩ፦ ፒቹን አስታወሱት?

አማቹ፦ ምኑን አስታውሰዋለሁ? የማውቀውን ነገርኳቸው። ሁለት እህትማማቾች አንድ የልብስ ስፌት መኪና አላቸው። ከተኮራረፉ አሥር ዓመታቸው፣ አይነጋገሩም። የታላቂቱ ዓይን ደከመ። በየጠዋቱ መኪናዋ ጋ ስትቀመጥ መርፌው ክር ገብቶለት ታገኘዋለች። ማን አስገባው ብላ አትጠይቅም፤ ታናሺቱም እኔ ነኝ አትልም። ይኸው ነው አልኳቸው።

ዳይሬክተሩ፦ ዶክተሩንስ?

አማቹ፦ አስቀድመህ የላክኸው ወረቀት ላይ አግኝተውት ጠየቁኝ። የሌላ ሰው ፊልም ተቀላቅሎ ነው አልኳቸው።

ዳይሬክተሩ፦ ጉድ ሠሩኝ።

አማቹ፦ ድምፅ የሚሠራው ሰውዬ መርፌዋ ጋ ስደርስ ተነስቶ ወጣ፤ ለካ አክስቱ ጋ ሊደውል ኖሯል። ሲመለስ አብሬያችሁ ነኝ አለ። የሲኒማ ቤቶቹ ሴትዮ ደግሞ በዚህ ሳምንት ብቻ ዘጠኝ የፈረሰ ቤት እንዳዩ፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ግን የኛ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገሩኝ። ነገ ጠዋት አንተን ያነጋግሩሃል።

(ዳይሬክተሩ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።)

ዳይሬክተሩ፦ ስለ እኔ ምን አሏቸው?

አማቹ፦ ልጁ ጎበዝ ነው፤ ብቻ ቶሎ አይገባውምና ቀስ ብላችሁ አስረዱት አልኳቸው።

እናንተም ወደ እንዲህ ያለ አዳራሽ የምትልኩት ጽሑፍ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ቤታችሁን ለሚያውቅ ሰው አንብቡለት፤ ቢስቅባችሁም ሳትቆጡ እስኪጨርስ ስሙት።