ክቡር አንዲት ነገር

ትልቅ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ እኚህን ሰው ያላገኘ ሠራተኛ የለም፤ ካለም ስብሰባ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ሰብሳቢው «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ...» ሲል፣ ሁላችንም ቦርሳችንን ትከሻችን ላይ ጣል አድርገን ሳለ፣ ከኋላ ወንበር ቀስ ብሎ የሚነሳው እጅ የእሳቸው ነው። «አንዲት ነገር ብቻ» ይላሉ። ያቺ አንዲት ነገር አርባ ደቂቃ ትፈጃለች።

የእኛው የሾፌሮች አንጋፋ ናቸው። በሌሉበት ክቡር አንዲት ነገር እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ። የምንሠራው እናቶችንና ሕፃናትን በሚረዳ ድርጅት ነው፤ ሕንፃው ስድስት ፎቅ፣ ፖስተሩ ስፍር ቁጥር የለውም። እኔ ሪፖርት ጸሐፊ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያ እጅ ሲነሳ ደሜ ይፈላ ነበር።

አንድ ጊዜ የተጋበዘ አሰልጣኝ «እኛ ሠራተኞች አይደለንም፣ ቤተሰብ ነን» ብሎ እጅ ለእጅ አያያዘን። ክቡርነታቸው አንድ እጃቸውን አስለቅቀው አነሱ። «አንዲት ነገር ብቻ። ቤተሰብ ከሆንን የስድስት ወር ኮንትራት ምን ያደርጋል? እኔ ልጆቼን በየስድስት ወሩ አላድስም።» አሰልጣኙ የሻይ እረፍት አወጀ። ሌላ ጊዜ የድርጅቱ አዲስ ራዕይ በጭብጨባ ሲመረቅ፣ የሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ውሃ መቼ እንደሚመጣ ጠየቁ።

ከዚያ የእንግዳ ተቀባይዋ ነገር መጣ። ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ ለልጇ ጡቷን የምታልበው ስቶር ውስጥ፣ የፖስተር ካርቶኖች መሃል ቆማ ነበር። ፖስተሩ «ለምታጠባ እናት ጸጥ ያለ ቦታ ይገባታል» ይላል። የስቶሩ በር ግን ቁልፍ የለውም። ሁለት ጊዜ ሰው ከፈተባት። የሥራ መልቀቂያዋን ጽፋ፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ እታገሳለሁ» ብላ ለጋሼ ነገረቻቸው።

በዚያ ሰኞ ስብሰባ ላይ ያ እጅ ስለ እሷ ተነሳ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ «ጉዳዩ በኮሚቴ እየታየ ነው» አሉ። በሚቀጥለው ሰኞ ኮሚቴው ጥናት ጀምሮ ነበር። በሦስተኛው ሰኞ ክፍት ክፍል አልተገኘም ተባለ።

«የሾፌሮች ክፍልስ?» አሉ ጋሼ።

«እሱማ የእናንተ ማረፊያ ነው።»

«ቁልፍ አለው። ዛሬ ጠዋት ስድስታችንም ተስማምተን ጠራርገነዋል» ብለው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እናንተስ የት ልታርፉ ነው?»

«እሱን ደግሞ የሚቀጥለው ሰኞ እጠይቃለሁ።»

እንግዳ ተቀባይዋ መልቀቂያዋን ቀደደችው። የድርጅቱ መጽሔት የክፍሉን ፎቶ «ለእናቶች የተመቸ መሥሪያ ቤት» ከሚል ጽሑፍ ጋር አወጣ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ሾፌሮቹ አንድ ቃል የለበትም፣ አስፈላጊ አይደለም ተብዬ። በመስኮት ቁልቁል ሳይ ስድስቱም ፀሐይ ላይ በቆሙ መኪኖች ውስጥ በር ከፍተው ተቀምጠዋል። አፈርኩ። ወርጄ «ጋሼ፣ ቢሮዬ ሰፊ ነው፣ ኑ ግቡ» አልኳቸው። ሰፊ አይደለም።

አሁን ስድስት ሾፌሮች ጀርባዬ ላይ ስለ ፍሬን ይከራከራሉ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው የምጽፈውን ያነባሉ። «አንዲት ነገር ብቻ። ይሄ ‹ተግዳሮት› የምትለው ችግር ማለት አይደለም እንዴ?» አጥፍቼ ችግር ብዬ እጽፋለሁ። ሪፖርቴ አጠረ፤ አለቃዬም ይቆጣኝ ጀመር።

ትናንት ከአስተዳደር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሾፌሮቹን በሦስት ቀን ውስጥ ከቢሮዬ እንዳስወጣ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ከትከሻዬ በላይ አንብበው ኮፍያቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ በእኛ ምክንያት እንጀራህ ላይ ችግር አይምጣ። እንውጣልህ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ከሄዱ ማን ያስቸግረኛል?» አልኳቸው። «ይቀመጡ።»