ቦሬ ላይ እንዳይጠፋ የተባለ ሞተር

ነገሌ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ብርድ ሲያወራ አትመኑት። እኔንም ጨምሮ። እኛ ጃኬት የምንገዛው ለፎቶ ነው። ስለዚህ ጓደኛዬ ዘሪሁን ከቦሬ ልጅ አጭቶ፣ ሚዜ ሁነኝ ሲለኝ ያሳሰበኝ ሱፉ እንጂ ብርዱ አልነበረም።

የወሰዱን አጎቱ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በወታደር ሹፌርነት የጨረሱ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከአሮጌ የናፍጣ ጭነት መኪናቸው በቀር ሌላ ወሬ የሌላቸው ሰው ናቸው። በዋዜማው ሚዜዎቹን ከኋላ ጭነው ቦሬ አደረሱን። ሆቴል ይዘን አደርን።

ጠዋት ስንወጣ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ጋሽ ደምሴ ቁልፉን ሲያዞሩት መኪናው አንዴ እህ ብሎ ዝም አለ። ደገሙት። እህም አላለም።

አሁን ምን ይባላል? የሙሽራዋ አባት አቶ ዱቤ የሚያረፍድ ሰው እንደማይወዱ አስቀድሞ ተነግሮናል። ዘሪሁን ጎማውን እያየ ሊያለቅስ ደረሰ። ጋሽ ደምሴ ግን ረጋ ብለው፣ "በርዶት ነው። ማሞቅ ነው እንጂ መቆጣት ምን ያደርጋል?" አሉ።

ከሆቴሉ ማድቤት የፈላ ውሃ ለምነን ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርን። ከሞተሩ ሥር የፍም ምድጃ አስገባን። ሚዜዎቹ ምድጃውን ከበን እጃችንን መሞቅ ስንጀምር፣ ጋሽ ደምሴ ለእናንተ አይደለም ብለው አባረሩን። ጭራሽ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ለሞተሩ ደረቡለት። ሞተሩ ለባብሶ፣ እሳት እየሞቀ ተኛ። እኛ ተንቀጠቀጥን።

በመጨረሻ ቁልቁለቱን በሱፋችን ገፋነው። ተነሳ። የጭሱን ነገር ተዉት፤ ሸሚዙ ነጭ ሆኖ የቀረለት ሚዜ የለም። ልንሳፈር ስንሮጥ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ዘረጉ። ሳይሞቅ አይነዳም አሉ። ሰዓት እያየን፣ እየተቁነጠነጥን ሞተር ጠበቅን። ሲሞቅላቸው ደግሞ፣ እስክንመለስ ድረስ ማንም እንዳያጠፋው ብለው አስጠነቀቁ።

አርፍደን ደረስን። መኪናው እኛ የተቀመጥንበት አጥር ጥግ ቆሞ ማጓራቱን ቀጠለ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ በሞተሩ ጩኸት ከምርቃቱ "ናጋ"፣ ሰላም፣ የምትለዋን ብቻ ነው የሰማነው። ቀጥሎ አቶ ዱቤ ተነስተው ዘሪሁንን አንድ ነገር ጠየቁት።

"ምን አሉ?" አለኝ ዘሪሁን በጆሮዬ።

"እንጃ። እሺ በል።"

"እሺ አባባ" አለ። ሌላም ጠየቁት። እሺ አባባ። ሦስተኛው ላይ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዳንዶቹ እንባቸውን ጠረጉ። አማቶቹ ወደዱት ብዬ ኮራሁ።

ሙሽሮቹን ጋቢና ልናስገባ በሩን ስንከፍት፣ አንዲት ደርባባ ሴትዮ ከነጓዛቸውና ከሁለት ዶሮዎች ጋር ተደላድለው ተቀምጠዋል። "አካም" ብለው በእርጋታ ሰላም አሉን።

ዘሪሁን ሙሽራዋን ማን እንደሆኑ ጠየቃት።

"አዳዳ ጂሎ ናት፣ የአባዬ እህት" አለችው። "ባሏ ከሞተ ብቻዋን ናት፤ ብርዱም ጤና ነሳት። ነገሌ ወስደህ ከእኛ ጋር ታኖራታለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅህ እሺ አልክ። ቤቱ ሁሉ አለቀሰ እኮ።"

ዘሪሁን እኔን አየኝ። እኔ ዶሮዎቹን አየሁ።

አዳዳ ጂሎ ደግሞ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረው፣ "ይግቡና ይንዱ እንጂ፣ ሞተሩ ሞቆልዎታል" አሏቸው። ጋሽ ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገራቸው የሚገባው ሰው ያገኙ መሰሉ። ሙሽሮቹ ከእኛ ጋር ከኋላ ተጭነው ነገሌ ገቡ።

እንግዲህ አዳዳ ጂሎ ተላመዱ ስንል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የነገሌ ሙቀት አላስተኛ አላቸው። ብርዱ ይሻለኛል፣ መልሱኝ አሉ። ዘሪሁን ለአማቱ ምን እንደሚል ጨንቆት ሳለ፣ በየቀኑ ለሰላምታ ብቅ ማለት የጀመሩት ጋሽ ደምሴ እኔ አደርሳቸዋለሁ አሉ። ወሰዷቸው።

ሄደው ቀሩ። አንድ ሳምንት ጠበቅን፤ ሁለተኛው ሲያልፍ ያ መኪና በርዶት ሜዳ ላይ ቆሞባቸው ነው ብለን ደነገጥን። ዘሪሁን ደወለ። ምድጃ ይዘን እንምጣ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

"የለም ልጄ" አሉት። "ጂሎ ጋ ሽማግሌ ልኬ እሺ ብላኛለች። መኪናውማ በየማለዳው ይነሳል። አልነሳ ያልኩት እኔ ነኝ።"