እትዬ አመተ ማርያምና የመሪጌታው ትንፋሽ

አገር ቢዞር የጎረቤቱን ሽንት የሚቆጥር ሰው የሌለበት ሰፈር አይገኝም። ሌላው ሰፈር በስውር ያስቆጥር ይሆናል፤ ደባርቅ ላይ መምህር ፀጋው የተከራየበት ግቢ ግን በይፋ ነው የሚቆጠረው። ቆጣሪዋ ክብርት ወይዘሮ አመተ ማርያም ናቸው። ስኳር ከያዛቸው አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከያዛቸው ቀን ጀምሮም የዓለም ሕዝብ በሙሉ ስኳር እንዳለበትና አውቆ እንደሚደብቃቸው ያምናሉ።

የግቢው መጸዳጃ ቤት አንድ ነው፤ በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ሲከፈት ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። የእትዬ አመተ ማርያም መስኮት ደግሞ ፊት ለፊቱ ነው። ፀጋው ገና ፊቱን ሳይታጠብ "ትናንት ሦስቴ፣ ሌሊቱን አንዴ። ደህና ነህ፤ ተመስገን" የሚል ሪፖርት ይደርሰዋል። አንድ ምሽት ቢራ ቀማምሶ ገብቶ ደጋግሞ ቢወጣ፣ በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው በተማሪዎቹ ፊት "ውሃ ውሃ ይልሃል እንዴ?" ብለው ጠየቁት። ተማሪዎቹ ሳምንት ሙሉ ሳቁበት።

ሰላምታቸውም እንደ ሰው አይደለም። ሌላው "እንዴት አደራችሁ" ሲል እሳቸው "ጣትህን አምጣ!" ነው የሚሉት። ያችን ትንሽ የስኳር መለኪያ ከነመርፌዋ በጉያቸው ይዘው ይዞራሉ። ሠርግ ላይ ሙሽራውን ወግተዋል። ለቅሶ ቤት "ሐዘንም ስኳር ያነሣል" ብለው የሟቹን ወንድም ወግተዋል። የሰሜን ተራሮች ላይ፣ ቡይት ራስ፣ አንድ ፈረንጅ ወግተው መለሱ ይባላል፤ ይህን እንኳ ፀጋው በዓይኑ አላየም፤ ቢነግሩት ግን አይጠራጠርም። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ክንዴ "እትዬን ስጭን በአንድ እጄ ነው የምነዳ፤ አንዱን እሳቸው ይወስዱታል" ይላል።

ነሐሴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው የፀጋው አባት መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ፍልሰታን ከልጃቸው ጋር ሊጾሙ ከዳባት ገጠር መጡ። መሪጌታ አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ፣ ሲያነጥሱ እንኳ ዜማ የማይሳሳቱ ሰው ናቸው። እሳቸውም ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ይህን የሰሙ ቀን እትዬ አመተ ማርያም የጠፋ ወንድማቸውን ያገኙ ያህል እልል አሉ።

"መሪጌታ፣ እንዴት ከረሙ? በቀን ስንቴ ይወጣሉ?"

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ወይዘሮ፣ ይህ ነገር በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ነው።"

"በእርስዎና በፈጣሪዎ መካከል በሩ ይጮሃል፣ መሪጌታ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ መሪጌታ እትዬን ሲያዩ እንደ ጋኔን ያማትቡ ጀመር። ፀጋውም በአባቱ ፊት አፈረ፤ ሌላ የሚከራየው ቤት እንዲፈልግለት ለክንዴ ነገረው።

ጾሙ የገባ ዕለት ጠዋት ፀጋው መርፌውን ይዞ ወደ አባቱ ቢቀርብ፣ መሪጌታ በእጃቸው መለሱት። "ልጄ፣ መርፌው የበላሁትን ሊያወርድ አይደለም? እህል ካልቀመስሁ ምኑን ያወርዳል? እስከ ጾሙ መፍቻ ይቆይ።" ነገሩ ለፀጋው ልክ መሰለው። እንዲያውም አባቱን አደነቀ፤ እንዲህ ያለ አመክንዮ ከሊቅ እንጂ ከሌላ አይመጣም ብሎ።

አራተኛው ቀን ላይ ነገር ተበላሸ። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ውዳሴ ማርያምን ሲተረጉሙ ቃል ጠፋባቸው። ተንገዳግደው ምሰሶ ያዙ። ሊደግፏቸው የቀረቡት ሁለት ቄሶች ትንፋሻቸው ሸተታቸውና ተያዩ። ጠጅ ጠጅ ይላል! በፍልሰታ፣ በጠዋት፣ በቤተ መቅደስ! ወሬው ከመሪጌታ ቀድሞ ከተማ ገባ። ክንዴ ወደ ቤት ካደረሳቸው በኋላ ፀጋውን ጥግ ጠርቶ፣ "ጋሼ፣ አባትህ ትንሽ ቀመስ ሳያደርጉ አልቀሩም" አለው።

ፀጋው ሮጦ ገባ። መሪጌታ አልጋው ላይ ጥቅልል ብለው ሆዳቸውን ይዘዋል። አስታውከዋል። አጠገባቸው የነበረው የጠበል ጀሪካን ተሟጧል። የሊማሊሞን ዳገት በእግሩ እንደ ወጣ ሰው በረጅሙ፣ በኃይል ይተነፍሳሉ። ጎንበስ ብሎ አሸተታቸው፤ እውነትም ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል፣ አልፎበት የበሰለ ፍሬ የመሰለ ሽታ። በሕይወቱ ሙሉ ያከበራቸውን ሰው በጾም ሰክረው አገኛቸው። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰው እንዳያይበት በሩን ዘጋና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። "ይተኙ፤ ሲነሡ ይበርድላቸዋል" አለ ለራሱ።

እትዬ አመተ ማርያም ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡ።

"ከትናንት ማታ እስከ ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ጊዜ ወጥተዋል! ከቤተ ክርስቲያን ከመጡ ወዲህ ግን በሩ አንዴም አልጮኸ። ምን ሆኑ?"

"ደክሟቸው ተኙ።"

"ክፈት።"

"እትዬ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ይተዉን! የሰው ገመና ነው!"

እንዲህ ጮኾባቸው አያውቅም። እሳቸው ግን ባልሰማ አለፉት፤ በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱ። ገና ከደፉ ላይ ቆመው አየሩን ሳቡና ፊታቸው ተለወጠ። የመሪጌታን ጣት ሳይጠይቁ ያዙና ወጉ። መለኪያዋ ቁጥር አላወጣችም፤ "ሃይ" ብላ ቆመች።

"ስንት ነው?" አለ ፀጋው።

"ቁጥር የለውም። ከምትቆጥረው በላይ አልፏል። መርፌያቸውን መቼ ወጉ?"

"ጾሙ ከገባ... አልበላም ብለው..."

"አንተ መምህር!" ግቢው ተነቃነቀ። "ሰው ሲጾም ስኳሩም ይጾማል ያለህ ማነው? መርፌው ሲቀር ገላ የራሱን ስብ ማንደድ ይጀምራል፤ ይህ የሚሸትህ የዚያ መርዝ ነው! ጠጅ መሰለህ? ውሃ ጥሙ፣ ትውከቱ፣ የሆድ ቁርጠቱ፣ ይህ ትንፋሽ! አሁን ደግሞ መደንዘዙ። ይህን ያየ ሰው በር አይዘጋም፣ ሐኪም ቤት ይሮጣል እንጂ! ክንዴ! ባጃጁን አስነሣ!"

እንዴት እንደ ሄዱ ፀጋው ዛሬም አውርቶ አይጠግብም። ጭጋጉ ከመንገዱ ላይ ተኝቷል፤ ጭቃው ጎማ ይይዛል። ከገበያ የሚወጣ የበግ መንጋ መንገዱን ዘጋ፤ እትዬ አንገታቸውን በባጃጁ ጎን አውጥተው "በግህን አንሣ፣ ሰው ይዣለሁ!" ሲሉ በጎቹ ከባለቤታቸው ቀድመው ሸሹ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። በውስጥ ማን እንዳለ ሲያይ ግን የተዘረጋውን እጁን ቶሎ ወደ ኪሱ ከተተ። "እለፉ፣ እለፉ!"

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ወጣቷ ዶክተር ጥያቄዋን ሳትጀምር እትዬ መልሱን ጨርሰዋል፤ ከስንት ቀን ጀምሮ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ምን። ዶክተሯ ግሉኮስ ሳይሆን ጨዋማ ፈሳሽ በደም ሥር አስገባች፤ ኢንሱሊኑም ተከተለ። ወደ ፀጋው ዞር ብላ "እስከ ነገ ተኝተው ቢያድሩ ኖሮ..." አለችና አልጨረሰችውም። ፀጋው ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። ፀጋው እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

"አባባ፣ ይማሩኝ። ጠጥተው መስሎኝ ነበር።"

መሪጌታ ቀና ብለው አዩት። "እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር። ማን እንዳጠጣኝ ነው የጠፋኝ።"

ፀጋው እየሳቀ፣ እያለቀሰም፣ የምሥራቹን ሊናገር ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እትዬ አመተ ማርያም አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ጭቃ ነው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ከጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከዚያ አልተነሡም።

"እትዬ፣ እርስዎስ? መርፌዎን ወግተዋል?"

እትዬ አቀረቀሩ። "የጠዋቷን... ረሳኋት።"

"ረሱ?!" ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው፤ ነርሶች ዞረው አዩ። "አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አገር ሲያምሱ ከርመው የራስዎን ይረሳሉ? ያቅለሸልሽዎታል? ሆድዎንስ? ይናገሩ እንጂ! ተነሡ፣ አሁኑኑ ይለኩ! እህቴ፣ እኚህንም እዪልኝ!"

የሚናገረው አፍ የራሱ መሆኑን የተረዳው እትዬ ቀና ብለው በእንባ ሲስቁ ነው።

"ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ" አሉ። "ይኸን ሁሉ ዘመን ሰው ስጠይቅ፣ 'አንቺስ?' የሚለኝ ሰው እየጠበቅሁ ነበር። ተቆጣኝ የኔ ዓለም፣ አታቁም።"

ፀጋውም ክንዳቸውን ይዞ እየተቆጣቸው ወደ ነርሷ ወሰዳቸው።