የእትዬ ዘሪቱ የፋሲካ ፋብሪካ

መብራት የማይጠፋበት ሰፈር ሊኖር ይችላል፤ ሰው የማይታማበት ሰፈርም ምናልባት አንድ ቦታ ይኖር ይሆናል። «ቀላል እኮ ነው» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጣራችሁ አፍስሶ መሰላል ላይ ስትንቀጠቀጡ እሱ መሬት ላይ ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «ቀላል እኮ ነው!» ይላችኋል። ለእሱ በእርግጥም ቀላል ነው፤ መሰላሉ ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ቢቸና ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ይህን ከባድ ሹመት ያለ ማንም ሿሚ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ዘሪቱ ናቸው። ልጆቻቸውን አድርሰው በየአገሩ የበተኑ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ስልሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ዐቢይ ጾም ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ግቢያቸው ፋብሪካ ይሆናል። ጥሬ ዕቃው የዘይት ካርቶን፣ ጥጥ፣ ዘንባባና የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ሠራተኛው በሰፈሩ ያለ የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ሁሉ ነው። የፋብሪካው ተጎጂ ደግሞ ጎረቤታቸው አስናቀው ነው።

አስናቀው ልብስ ሰፊ ነው። ባለቤቱ ማስተዋል ሞጣ ነርስ ስለሆነች የአምስት ዓመት ልጃቸውን ስንቄን የሚያሳድጋት እሱ ነው፤ እሱ ስፌት ላይ ሲሆን የሚያውሏት ደግሞ እትዬ ዘሪቱ ናቸው። ስለዚህ አስናቀው እኚህን ሴት ሊቀየማቸው አይችልም። ሊሸሻቸውም አይችልም። ማማት ግን ይችላል፤ ለደንበኞቹ ልክ እየወሰደ ሲያማቸው ይውላል።

ሐሜቱ የሚጀምረው ከመቀሱ ነው። የልብስ ሰፊ መቀስ ከጨርቅ በቀር ምንም አይነካም፤ ወረቀት እንኳ ከነካ ዶለደመ ማለት ነው። ዘንድሮ እትዬ ዘሪቱ በር ላይ ብቅ ብለው «አስናቀው፣ መቀስ ብጤ የለህም?» አሉት። ሰጣቸው። ማታ ሲመለስለት መቀሱ ጨርቅ መቁረጡን ትቶ ማኘክ ጀመረ።

«እትዬ ዘሪቱ፣ ምን ቆረጡበት?»

«ጫጩት!»

እውነታቸውን ነው። ልጆቹ ከካርቶን ጫጩት ቆርጠው፣ ጥጥ ለብጠው፣ ከአስናቀው ቁርጥራጭ ጨርቅ ክንፍ አውጥተውላቸው ነበር። የስንቄ ጫጩት ሦስት እግር ነበራት። አስናቀው ይህን ቢጠቁም እትዬ ዘሪቱ ተቆጡ። «ሦስተኛው መደገፊያዋ ነው! ገና ዛሬ የተፈለፈለች፣ ምን አቅም አላት ብለህ ነው?» የጫጩቶቹ ዓይን ኑግ ነበር፣ በሊጥ የተጣበቀ። ሁሉም ፀሐይ እንዲመታቸው ታዛው ሥር ተደረደሩ። ልጆቹ ምሳ በልተው ሲመለሱ ለፋሲካ የታሰበችው እውነተኛዋ ዶሮ በሰልፉ ዳር ዳር እየሄደች የሁሉንም ዓይን ለቅማ ጨርሳለች። ግቢው በልቅሶ ተናወጠ። እትዬ ዘሪቱ ብቻ አልተናወጡም። «ቀላል እኮ ነው! ተኝተዋል በሏቸው» አሉ፣ ልጆቹም እንባቸውን ጠርገው ጫጩቶቻቸውን እሹሩሩ ማለት ጀመሩ።

በሆሣዕና ዕለት ደግሞ የዘንባባው ተራ ሆነ። «ማጠፍ፣ ማስገባት፣ ሳብ! ቀላል እኮ ነው!» ይላሉ እትዬ ዘሪቱ፣ ከጣታቸው ሥር ቀለበቱ፣ መስቀሉ፣ አምባሩ ይፈልቃል። ልጆቹ በቀለበት አልቆሙም፤ የዘንባባ ሰዓት፣ የዘንባባ መነጽር፣ የዘንባባ ስልክ ሠርተው እርስ በርስ መደዋወል ጀመሩ። ሙሉ ልብስ አሳምሮ የሚሰፋው አስናቀው እኔስ ከማን አንሼ ብሎ አንድ ቀለበት ሞከረ። ሲያጥፍ፣ ሲያስገባ፣ ሲስብ፣ ሁለቱ አውራ ጣቶቹ እርስ በርስ ተቆራኙ። ስንቄ ናት በጥርሷ ዘልዝላ የፈታችው።

ከዚያ ዳቦ ቆሎ መጣ። ጾም ነውና እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ ትንሽ በርበሬ። ልጆቹ ሊጡን እንደ ገመድ ያድቦለቡላሉ፣ እትዬ ዘሪቱ ይከትፋሉ። ይህ ሌላ ቤት ቢሆን በዚህ ባበቃ። በእርሳቸው ቤት ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ የልቡን እንዲሠራ ስለሚፈቀድ አንዱ በግ፣ አንዷ መስቀል፣ ስንቄ ደግሞ ባጃጅ ሠራች። ታምሶ ሲወጣ ሁሉም ድንጋይ ሆነ። አስናቀው ባጃጁን ከኋላ ጎማው ሲነክሰው መንጋጋው ጮኸ።

«ይጣፍጣል አባዬ?»

«በጣም» አለ፣ ጉንጩን በእጁ ደግፎ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ በመቀስና በጥርስ ላይ ብቻ ነበር። ነገር የከበደው የሕማማት ሰኞ ነው።

በዚያን ቀን እትዬ ዘሪቱ ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሕግ አስተማሩ። ይህ ሳምንት የጌታ ሕማም የሚታሰብበት ነው። ይሁዳ ጌታን የሸጠው ስሞ ነው። ስለዚህ እስከ ትንሣኤ ድረስ መሳሳም የለም፣ መጨባበጥም የለም። የቀሩት ልጆች ሰምተው ለቀለም ወደሚቀቅሉት የሽንኩርት ልጣጭ ሄዱ። ስንቄ ግን የአባቷ ልጅ ናት፤ ልክ ከተወሰደ በኋላ አንዲት ጣት አታሳልፍም።

ሰፈሩ አበሳውን አየ። ሽማግሌ እጃቸውን ቢዘረጉላት የእሷን ከኋላዋ ትደብቃለች። ሁለት ሴቶች መንገድ ላይ ሊጨባበጡ ሲሉ መሐል ገብታ «ሕማማት ነው!» ትላለች። ማታ አባቷ ግንባሯን ሊስማት ጎንበስ ቢል ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

«እኔ ይሁዳ ነኝ?» አላት።

«አላውቅም» አለች። «ይሁዳም በፊት አይታወቅም ነበር።»

አስናቀው ሳቀ። የሐሙስ ዕለት ግን ማስተዋል ከሞጣ ስትመጣ ሳቁ ቆመ።

ማስተዋል ልጇን ከደብረ ዘይት በዓል ወዲህ አላየቻትም። የፋሲካ ተረኛ ስለሆነች ቅዳሜ ጠዋት መመለስ አለባት። ቦርሳዋን ደጃፍ ላይ ጥላ ተንበረከከችና እጆቿን ዘረጋች። ስንቄ እየሮጠች መጣች፣ መጣች፣ አንድ ክንድ ሲቀራት ቀጥ አለች። እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ፣ ሕማማት ነው። ለፋሲካ እስምሻለሁ።»

ማስተዋል ሕጉን ታውቃለች። ሕፃን ልጅ ሕግ ስላከበረች መከፋት እንደማይገባም ታውቃለች። ግን ከፋት፣ በጣም ከፋት። ለፋሲካ እዚህ እንደማትሆን ለልጅቱ መንገርም አቃታት። የስቅለት ዕለት ስንቄ ቀኑን ሙሉ ከእናቷ ነጠላ ጫፍ አልተለየችም፤ ስትሰግድ ሰገደች፣ ስትነሣ ተነሣች። ጉንጯን ግን አላስነካችም። አስናቀው በዳቦ ቆሎ ሊደልላት ሞከረ።

«ይሁዳም ሰጥተውት ነው» አለችው።

ማምሻውን ማስተዋል ባሏን ወደ ጓሮ ወሰደችው። «አስናቀው፣ ረሳችኝ መሰለኝ» አለችና ፊቷን አዞረች። አስናቀው የተሳሳተ ልብስ ፈትቶ እንደገና ይሰፋል፤ ይህ የት ላይ እንደሚፈታ አያውቅም። በቀጥታ ወደ እትዬ ዘሪቱ ቤት ሄደ፣ ዓመት ሙሉ የታመቀውን ሁሉ ሊያፈነዳው። እትዬ ዘሪቱ ሲሰግዱ ውለው ጉልበታቸውን እያሹ ተቀምጠዋል። ደግሞም ያከፍላሉ፤ ከሐሙስ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ አይቀምሱም። እንደዚያ ሆነው ሲያያቸው ፍንዳታው ወደ ልመና ተለወጠ። ነገሩን ሁሉ አጫወታቸው።

እትዬ ዘሪቱ ጉልበታቸውን ማሸት ተዉ። ከዚያ «ይኼስ ከባድ ነው» አሉ።

አስናቀው ደነገጠ። ይህ ቃል ከእኚህ ሴት አፍ ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። «ለቀልድ ነው ያልኋችሁ ይበሏታ!»

«የጌታን ሕማም ቀልድ ነው ልበላት? ነገስ የምነግራትን በምን ታምነኛለች?»

«እናቷ እኮ ሳትሳም ልትሄድ ነው፣ እትዬ!»

«ሰማሁ። መኪናው ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

«በል ሂድ፣ ልጅቱን አስተኛት» አሉት። አስናቀው ተስፋ ቆርጦ ወጣ።

ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ የሞጣው ሚኒባስ ሞልቶ ነበር። ሾፌሩ አብዱልዋሂድ የሞጣ ልጅ ነው፤ ማስተዋልን በየጊዜው ስለሚያመላልሳት ያውቃታል። ስንቄ እናቷ ቦርሳዋን ስታስጭን አየችና ነገሩ ያን ጊዜ ገባት።

«ፋሲካ እኮ ነገ ነው!»

«የታመመ ሰው ይጠብቀኛል፣ የኔ እናት።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እጆቿ ግን ከኋላዋ አልወጡም። አስናቀው እዚያ ቆሞ ይህን ከማየት መቀሱ ሁለት ቦታ ቢሰበርበት ይመርጥ ነበር። ማስተዋል ጎንበስ ብላ «ደግ አድርገሻል፣ ሕግ ነው» አለቻትና ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አብዱልዋሂድ ሞተሩን አስነሣ።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ዘሪቱ በመናኸሪያው በር ሲሮጡ የገቡት። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጠርጋል፣ ግንባራቸው ላይ ቄጠማ ታስሯል፣ በብብታቸው ደግሞ አንድ እቅፍ ቄጠማ ይዘዋል። ከመኪናው ፊት ሄደው ተገተሩ።

«እማማ፣ ሞጣ ነዎት?» አለ አብዱልዋሂድ አንገቱን አውጥቶ።

«ሞጣ አይደለሁም!»

«ታዲያ ምንድን ነዎት?»

«ቄጠማ ነኝ! አንዴ ታገሠኝ ልጄ!»

ስንቄ ፊት ተንበረከኩ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ቄጠማውን በልጅቱ ግንባር ላይ አሰሩት። ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ የምሥራች ብለው የሚያድሉት ቄጠማ ነው፤ ሰፈር እስኪደርስ ረፋድ ስለሚሆን እትዬ ዘሪቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከመሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ እጅ ተቀብለዋል።

«ሲሰጡኝ ምን አሉ መሰለሽ? ‹ገብረ ሰላመ በመስቀሉ› አሉ።»

«ምን ማለት ነው?»

«በመስቀሉ ሰላም አደረገ ማለት ነው። በቃ፣ ሰላም ሆነ።»

ስንቄ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አሰበች። «ሰላም ማለት... ሰው ሲገናኝ የሚባለው ሰላም?»

«እሱው ሰላም!»

«ስለዚህ ሰላም ማለት ይቻላል?»

«ሰላም ከሆነማ ሰላም ይባላል እንጂ!»

ሊቃውንቱ ይህን ትርጓሜ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አስናቀው አያውቅም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀም። አገሩ የቅኔ አገር ነው፣ አንድ ቃል ሁለት ቢፈታ የሚደነግጥ የለም። ስንቄም አልደነገጠችም። እጆቿ ከኋላዋ ወጡና ወደ ሚኒባሱ በር ሮጠች። ማስተዋል የተሳፋሪውን ጉልበት ሁሉ እየረገጠች ወረደች። ጉንጭ፣ ግንባር፣ አፍንጫ፣ ዓይን፣ ደግሞ ጉንጭ፤ ቄጠማው ተንሸራቶ የሁለቱንም ፊት ሸፈነው።

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «ኧረ እንሂድ፣ ረፈደ!» አለ። አብዱልዋሂድ ሞተሩን አጠፋው። «ዝም በል ወንድሜ። ሰው ልጁን እየሳመ ነው» አለ።

ማስተዋል በመጨረሻ ስትሳፈር አስናቀው በመስኮቱ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ እያቀበላት «ስንቅሽን ረሳሽ!» አላት።

«ስንቄንማ ያዝሁ» አለችው፣ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ።

መኪናው ወጥቶ አቧራው ሲመለስ እትዬ ዘሪቱ የሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ዘፍ ብለው ተቀምጠው ነበር። ሁለት ቀን ውኃ ያልቀመሰ ከንፈራቸው ደርቋል። ስንቄ ሄዳ ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። እርሳቸውንም ሳምንቱን ሙሉ የሳማቸው ሰው እንዳልነበረ አስናቀው ያን ጊዜ ታሰበው፤ ምናልባትም ከሳምንቱ በፊትም። ወደዳቸው። ድሮም ይወዳቸው ነበር፣ ሐሜቱ ጊዜ አልሰጠውም እንጂ። ጎንበስ አለና እሱም እንደ ልጅቱ ሳማቸው።

«ዛሬ ሌሊት ጾሙን የምንፈታው እኛ ቤት ነው» አላቸው።

«ዶሮውን ማን ሊሠራው?»

«እኔ ነኛ።»

እትዬ ዘሪቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «ጌታ በሚነሣበት ሌሊት እኛን ልትቀብረን ነው?» አሉ። ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ፣ የስንቄን እጅ ያዙና ወደ ሰፈር መራመድ ጀመሩ። የሁለቱ ግቢ በር ጎን ለጎን ነው። እትዬ ዘሪቱ የራሳቸውን አልፈው የአስናቀውን ከፈቱ።